በልሙጉ ከላይ ስትታይ

የካቲት 24

የበልሙጉ ትልቁ ጎጆ ከዳር እስከ ዳር አምስት ሜትር ነው።

የእኛ የሳተላይት ምስል አንዷ ነጥብ፣ ፒክስል የምንላት፣ መሬት ላይ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ትሸፍናለች። ከዚያ ሁሉ የሚወጣው አንድ ቀለም ነው። ጎጆ፣ ፍየል፣ የተሰጣ ማሽላ፣ ሰው፣ ተደባልቆ አንድ ቀለም። የጎጆው ክዳን ሣር። ዙሪያው ሣር። ሣር በሣር ላይ። ውጤቱ ምንም።

ከጠዋት ጀምሮ ይህን ምንም ሳይ ዋልኩ። መብራት ሦስት ጊዜ ጠፋ። ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ይጮኻል።

ጉዳዩ አጭር ነው። አንድ ባለሀብት ከኩርሙክ መንገድ በስተግራ አኩሪ አተር የሚዘራበት መሬት ጠይቋል። በልሙጉ የመሬቱ መሀል ላይ ናት። መነሻ ተብሎ በተያዘው የዱሮ ምስል ላይ ሰፍሮ የሚታይ መንደር ከእርሻው ተከልሎ ይቀራል። የማይታይ ይነሳል። አለ ወይም የለም የምለው እኔ ነኝ። አሶሳ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ ለእሱ እተወው ነበር። የለም።

የካቲት 27

አቶ ታምራት መጣ። የክፍሉ ኃላፊ። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል እበልጠዋለሁ፤ ስለዚህ «እትዬ የሺ» ይለኛል። በቀረው ሁሉ ይበልጠኛል፤ ስለዚህ ያዝዘኛል። ብርቱካን እየላጠ ከኋላዬ ቆሞ ስክሪኑን አየ። ልጣጩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

የለም በይና ጨርሺ አለ።

ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ አልኩ። እዚያ ቤት ገብቼ ውሃ ጠጥቻለሁ።

«ስትጠጪ ሳተላይቱ አይቶሻል?»

አላየኝም።

«እንግዲያው አልጠጣሽም።»

ሳቀ። ሳተላይት ዘመድ የለውም፣ ጉቦ አይበላም፣ ቋንቋ አይጠይቅም አለ። በየስብሰባው የሚላት ናት። ባለሀብቱም ወዶለታል።

ውሸት አይደለም። ሳተላይት የታየውን ይሰጣል። ምን ሊታየው እንደሚችል ማን እንደወሰነለት ግን የሚጠይቅ የለም። ይህን የምጽፈው ለአንተ ብቻ ነው፣ ደብተሬ። አንተ ላይ ማኅተም አይመታም።

መጋቢት 1

ጭስ። አገሩ ሁሉ ሣሩን እያቃጠለ ነው። አመዱ በመስኮት ገብቶ ኪቦርዱ ላይ ተኛ። ሳተላይቱ የሚያልፈው ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጭሱ ገና ከመሬት አልተነሳም። የዛሬው ምስል ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

ስሰለች የእናቴን መንደር አየሁ። በባምባሲ መንገድ። በዚህ ወተት ውስጥ እንኳ ትታያለች። ቆርቆሮው ያበራል። ቤቶቹ በገመድ እንደተለኩ በመስመር ናቸው። በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ሲያሰፍሩን በመስመር ነው ያሰፈሩን። እኔ ታዝዬ ነው የመጣሁት።

ባዶ መሬት ነው ተብለው ነበር። አባቴ ሲደርስ ባዶው መሬት ላይ ማንጎ አገኘ። ያፈራ። ማን ተከለው ብሎ አልጠየቀም። ርቦታል፤ በላ። እስኪሞት ድረስ ይህን እየሳቀ ነበር የሚያወራው።

መጋቢት 6

አዳራሽ። የየቀበሌው ሽማግሌ ተጠርቷል። አቶ ታ. ሳተላይት ምን እንደሚያይና እንደማያይ አስረጂያቸው አለኝ። አስቀድሞ ሳይነግረኝ፣ እዚያው።

ተነሳሁ። የነጥቧ ስፋት ይወስናል አልኩ፤ ከነጥቧ ያነሰ ነገር ይዋጣል። ከዙሪያው መለየቱም ይወስናል፤ ቆርቆሮ በጥቁር አፈር ላይ ትንሽ ቢሆንም ይጮኻል፣ ሣር በሣር ላይ ትልቅ ቢሆንም ዝም ይላል። ደመና ካለ ምንም የለም። ጭስ ካለ ግማሽ። የሚያልፍበት ሰዓት፣ የፀሐይዋ ከፍታ፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ ነው ወይስ አጋድሎ። በየስንት ቀኑ ይመለሳል። ግማሹ ሽማግሌ ተኝቷል። አስተርጓሚው ሦስቱን ዓረፍተ ነገሬን በአንድ ያሳጥራል።

ከኋላ ሼህ አጣይብ እጃቸውን አነሱ። የበልሙጉ ሽማግሌ። ያን ውሃ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አማርኛ በኋላ የለመዱት ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ።

«የሺ፣ አንተ መንገድ ያያል ትላለህ። ወንዝ ያያል ትላለህ። እኛን ለምን አላየም? እኛ አለን። ወላሂ አለን።»

የምሳ ሰዓት አልፏል። እግሬ አሞኛል። ሼህ፣ ማንጎ ሥር ተወሽቃችሁ ምን ያድርጋችሁ አልኩ፤ የሚታየው ዛፉ ነው፤ እናንተን ለማየት ወርዶ ቅርንጫፍ ይግለጥ?

አዳራሹ ሳቀ። የተኙት ነቅተው ሳቁ። አቶ ታ. ጠረጴዛ መታ። ሼህ አጣይብ አልሳቁም። ትንሽ ቆመው ተቀመጡ።

ጥሩ ቀልድ ነበረች። ስወጣ ሁለት ሰዎች ደገሙልኝ።

መጋቢት 10

ሼህ አጣይብ ቢሮ ድረስ መጡ። ነጭ ጀለቢያቸው ከጉልበት በታች አቧራ ጠጥቶ ቀልቷል። ወንበር ሰጠኋቸው። ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

ሳተላይቱ መቼ ነው የሚያልፈው አሉ። በየአምስት ቀኑ፣ ረፋድ አራት ተኩል ግድም። በዚያ ሰዓት መንደሩ ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ቢቆምስ። አይታይም። ነጭ ለብሶ ቢቆምስ። መተቃቀፍ አለባችሁ፣ ያውም ብዙ ሆናችሁ አልኩ። አሁንም ቀልድ። እሳቸው ይህንንም አሰቡበት። አሥር ሜትር ስንት ክንድ ነው አሉ። ነገርኳቸው። የማንጎው ቅርንጫፍስ? ከአሥር ሜትር ይሰፋል፣ ለዚህ ነው እሱ የሚታየው አልኩ።

ከዚያ ስለ ማንጎው ያወሩ ጀመር። ዘሩን አያታቸው ከኩርሙክ ማዶ ነው ያመጡት። በእነሱ ቤት ወንድ ሲያገባ አንድ ማንጎ ይተክላል። ጥላው ሲደርስ ጎጆውን ያፈርስና ከሥሩ ያቆመዋል። ማንጎ የሌለው ሰው እንግዳ ነው አሉ። እያዳመጥኩ ኢሜይል እመልስ ነበር።

ሲወጡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። «አንተ ጥሩ ሰው ነው። ሌላው ዝም አለን። አንተ ነገርከን።»

መጋቢት 18

አገኘሁት።

ቃጠሎው አልቋል። ጭሱ ተገፏል። ምድሩ ጥቁር። ምስሉን በተለመደው ቀለም ማየት ተውኩና ከቀይ ወዲያ ባለው፣ ዓይን በማያየው ብርሃን ከፈትኩት። ሕይወት ያለው ቅጠል በዚያ ብርሃን ያበራል፤ ኮምፒውተሩ ቀይ አድርጎ ያሳየዋል። አመድ አያበራም። የደረቀ ሣር አያበራም። ቅጠሉን ያራገፈ ቀርከሃ አያበራም። በጥቁሩ መሀል ቀይ ነጠብጣቦች። ክብ ሠርተው። በልሙጉ።

የዱሩ ዛፍ አብዛኛው በበጋ ይራቆታል። ማንጎ አይራቆትም። የዱር ዛፍ ክብ ሠርቶ አይበቅልም። ወደ ኋላ ሄድኩ። ያለፈው በጋ፣ አሉ። የካቻምናው፣ አሉ። መነሻው ምስል ላይ፣ አሉ። ማኅደሩ እስከሚያልቅ ድረስ ሄድኩ፤ አሉ። ጥቂቶቹ እየሰፉ ነው። አዳዲስ ትንንሾች ዳር ዳሩን ተጨምረዋል። የሚያገቡ ወንዶች።

ጎጆ ስፈልግ ከረምኩ። ጎጆው ለነጥቧ ያንሳል። ዛፉ ይበቃታል። እያንዳንዱ ቀይ ነጥብ አንድ ቤት ነው።

ምሳ ረሳሁ። እንዲህ ራሴን የወደድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

መጋቢት 19

ለአቶ ታ. አሳየሁት።

«ዛፍ ሰው ነው እንዴ፣ እትዬ?»

ማንጎ ሰው ካልተከለው እንዲህ በክብ አይቆምም አልኩ። ማንጎ መሆኑን በምን አወቅሽ አለ። ከላይ ሆኖ ሲታይ ማንጎውም ዋርካውም ቀይ ነጥብ ነው። ትክክል ነው። ሞኝ አይደለም፤ ሞኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መስክ ወጥተን እንይ አልኩ። ብዙ አሰበ። ማንጎውን በዓይኔ ካየሁ እፈርማለሁ አለ። መኪናው ለሌላ ሥራ ሸርቆሌ ነው፤ ሲመለስ እንሄዳለን። እስከዚያ ባለሀብቱ በራሱ ገንዘብ አዲስ፣ ጥርት ያለ ምስል ያዝዛል፤ ነጥቧ ግማሽ ሜትር የሆነች። በዚያች ጎጆ ይታያል። የመነሻውን ዘመን ጥርት ያለ ምስልም ይግዛልን አልኩ፤ ከማኅደር ይገኛል። ለዱሮ አይከፍልም አለ።

ይሁን። ቃሉን ሰጥቷል። በዓይኔ ካየሁ። እዚህ አኑሬዋለሁ።

መጋቢት 23

መኪናው አልተመለሰም። ጎማ ነው ይላሉ። ከሙቀቱ የተነሳ ጠረጴዛውን ሳይቀር ያልበዋል። በልሙጉ ያሉት አሁን ከማንጎው ሥር ተጋድመዋል። ቀናሁባቸው።

መጋቢት 26

ገበያው ጥሬ ማንጎ ሞልቷል። በጆንያ፣ በጋሪ፣ መሬት ላይ ተከምሮ። ሊበስል ገና ብዙ ይቀረዋል፤ በዚህ ጊዜ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በጨውና በሚጥሚጣ ቢሮው ሁሉ ሲበላ ዋለ። እኔም በላሁ። ጥርስ ያደነዝዛል። ደስ ይላል።

ከሥራ ስወጣ ለእናቴ ልገዛ ቆምኩ። ሻጯ ልጅ አዝላለች። ሀዋ እባላለሁ አለች። ምነው ሳይበስል አወረዳችሁት አልኳት።

«አላወረድንም። ዛፉ ወደቀ።»

ነፋስ ነው?

«ነፋስ አይደለም። እኛ ጣልነው። ሰማዩ እንዲያየን።»

አገርሽ የት ነው አልኩ። ጠየቅኩ እንጂ መልሱ ደርሶኝ ነበር።

«በልሙጉ። ሼህ አጣይብ የባሌ አባት ነው። ውሰድ፣ ርካሽ ነው። ላንተ እጨምራለሁ።»

ጨመረችልኝ። ተቀበልኳት። ከረጢቱን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ አንድ ስጪኝ አለ። ሰጠሁት።

መጋቢት 27

መኪናው ትናንት ማታ ገባ። ጠዋት ወጣን። ለአቶ ታ. መንገድ ላይ ምንም አልነገርኩትም። ምናልባት ሁሉንም አልጨረሱም እያልኩ ነበር።

መንደሩ ሳይታይ ነው ያወቅኩት። ሁልጊዜ ሾፌሩ የሚያቆምበት ጥላ የለም።

ጉቶ። ጉቶ በጉቶ። ጎጆዎቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ተላጭቶ ፎቶ እንደተነሳ ሰው። ፍየሎቹ አንድ የጎጆ ጥላ ተሻምተው ተደራርበዋል። ቅርንጫፉ ለከሰል ተቆልሏል። አንዳንዱ ጉቶ ከሥሩ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ መሬቱ ንጹሕ እንዲሆን።

ሼህ አጣይብ ሊሮጡ ምንም አልቀራቸውም። የታጠበ ጀለቢያ ለብሰዋል። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «አሁን ያየናል። አንተ እንዳልከው።» የአያታቸውን ዛፍ ልጆቻቸው አንቆርጥም ስላሉ ራሳቸው እንደጀመሩት ነገሩን። ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። መዳፋቸውን አሳዩኝ።

አቶ ታ. ትልቁ ጉቶ ላይ ወጥቶ ቆመ። ከክምሩ አንድ ማንጎ አንስቶ በኪስ ቢላው ላጠ።

ማንጎ ነው አልኩት። በዓይንህ እያየህ ነው።

«ነው እንጂ። የምበላው ምን ሆነና።» አኘከ። «ጉቶው ግን ምስል ላይ ስንት ይሆናል፣ እትዬ የሺ?»

ብዙዎቹ ሜትር አይሞሉም። ጥርት ባለው ምስል ሁለት ፒክስል አልኩ።

«ሁለት ፒክስል ማስረጃ ነው?»

አይደለም። በየሥልጠናው ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ። ሁለት ፒክስል ድንጋይ ይሆናል። ጥላ ይሆናል። የተኛ ፍየል ይሆናል።

ማንጎ ካየሁ ነበር ያልኩት አለ፤ ያየሁት ጉቶ ነው። ፍሬውን ወርውሮ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ሼህ አጣይብ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያዩ ፈገግ ይላሉ። ስለ እሳቸው ደግ ነገር የምንነጋገር መስሏቸዋል። ሲያሰናብቱን አንድ ጆንያ መኪናው ላይ ጫኑልን።

ሚያዝያ 8

ጥርት ያለው ምስል ደረሰ።

ያምራል። ይህን መካድ አልችልም። ካሜራው ትንሽ አጋድሎ ስለነበር የጎጆዎቹ ግድግዳ በአንድ ጎን ይታያል። እያንዳንዱ ጎጆ ጥላውን ወደ ምዕራብ ጥሏል። የተሰጣ ልብስ አለ። ከጎጆ ጎጆ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ሁሉ አለ።

ሜዳው መሀል ነጭ ነጥብ፣ አጠገቡ ትንሽ ጥላ። ሰው ነው። ከኋላው ሌሎች፣ ተጠጋግተው፣ ሊተቃቀፉ ምንም ያልቀራቸው። ይህኛውም ሳተላይት የሚያልፈው ረፋድ ነው። በየቀኑ ይውጡ ወይስ ዕለቱ ገጥሞላቸው፣ አላውቅም። ቆመው ይጠብቃሉ።

አቶ ታ. መነሻውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጪልኝ አለ። መነሻው፦ አረንጓዴ፣ ጎጆ የለም። አዲሱ፦ የተመነጠረ መሬት፣ ጎጆ አለ።

«ምን ይላል?»

ምስሉን አጎላሁት።

«እኔ ላንብብልሽ። ደን ነበር። እርሻ ሊመጣ ነው ሲባል ካሳ ፈልገው ገቡ። መነጠሩ። ሰፈሩ።»

በልሙጉ ቆሞ ማንጎ የበላ ሰው ነው። ድምፁ ግን ምስል የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው። እንዲህ በእርጋታ ማንበብን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሚያዝያ 12

ሪፖርቱን ጻፍኩ። በመነሻው ምስል ላይ የሚታይ ጎጆ የለም። እውነት። በቦታው የዛፍ ሽፋን ነበር። እውነት። በአዲሱ ምስል ላይ ሽፋኑ ተወግዷል። እውነት። ጎጆዎች ይታያሉ። እውነት። አንድም ውሸት አላስገባሁም። አቶ ታ. ቢያስገባ ኖሮ ተጣልቼ እወጣ ነበር፤ አላስፈለገውም።

ቀዮቹን ነጠብጣቦች አባሪ አድርጌ ነበር። የሚያወጣቸው መስሎኝ። አላወጣቸውም። ከሥራቸው በራሱ እጅ ጻፈ፦ ከምንጣሮው በፊት ደን ለመኖሩ ማረጋገጫ። ጥሩ ሥራ ነው፣ እትዬ አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

ቅሬታ ያለው ማስረጃ ይዞ ይቅረብ ይላል መመሪያው። ማስረጃው ምስሉ ነው። ምስሉ የመ/ቤቱ ነው፤ ለውጭ ሰው አይሰጥም። የሰጠ ይባረራል። እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ መንደር የለም። አቶ ታ. ይህን የሚናገረው እንደ ምስጋና ነው።

ሚያዝያ 21

ሼህ አጣይብ መጡ። በርጩማ ተሸክመው። ከአያታቸው ዛፍ የተጠረበ፣ ሦስት እግር፣ ገና እርጥብ። ለእኔ ነው። እምቢ ማለት ነውር ነው። ተቀበልኩ።

ፊታቸው ተቃጥሏል። ጥላ የለም፤ ቀን ቀን ከጎጆ ጎጆ ይዞራሉ። የሀዋ ልጅ ሙቀቱ ጠናበት፤ ባምባሲ ዘመድ ጋ ወስዳዋለች። ይህን ሁሉ እንደ ዜና ነው የነገሩኝ፣ ሳያማርሩ። ከዚያ የመጡበትን ጠየቁ።

«የሺ። አየን?»

አዎ አልኩ። አያችሁ።

«እኔንም?»

እርስዎንም። በነጭ ልብስ ቆመው ነበር።

ዓይናቸውን በጀለቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ከወንበሩ ተንሸራተው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀና ብለው እያዩኝ አልሐምዱሊላህ አሉ። እጄን ያዙ። መዳፋቸው እንደ ቅርፊት ነው። ሌላ ነገር መናገር የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። ሌላ ቀጠሮ አለኝ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ታ. ገብቶ በርጩማው ላይ እግሩን ሰቀለ። ማንጎ ነው ወይ አለ። ነው አልኩ። ጥሩ እንጨት ነው አለ፣ ለእኔም ያምጡልኝ።

ግንቦት 2

ደመና። የዛሬው ምስል ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው። ከእንግዲህ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ከላይ ማንም ማንንም አያይም። የእናቴም ቆርቆሮ ጠፍቷል።

በመሬቱ ላይ የሚወስነው ኮሚቴ ከነገ ወዲያ ይሰበሰባል። ክረምቱ ሳይጠና በልሙጉ ያሉት እንዲነሱ ነው አሳቡ። አቶ ታ. ለእነሱም ይሻላል ይላል፤ በጭቃ ከመጓጓዝ።

ሌሊት ሁሉ ዘነበ። የሣር ክዳን ከላዩ ዛፍ ሲኖር ያን ያህል አይመታም። በልሙጉ ያለ ዛፍ ዝናብ ሲመታት ዘንድሮ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ግንቦት 4፣ 5፡10

ማተሚያ ቤት ነኝ። ኮሚቴው ስምንት ሰዓት ይገባል። የተላክሁት ትልቁን ካርታ አሳትሜ፣ ማኅተም አስመትቼ ላመጣ ነው። ሪፖርቱ በፖስታ በብብቴ አለ። ቆሜ እጽፋለሁ።

ማሽኑ ከሰካሁለት ፍላሽ እያነበበ ከሰሜን ጀምሮ ወደ ታች ያትማል። ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አንድ ጣት ያህል ይወርዳል። አታሚው ቀለሙ ቆንጆ ነው፣ ሰርግ ነው ወይስ መሬት ይለኛል። መሬት አልኩት። መሬት ይሻላል፣ ሰርግ ይከስራል አለ። ወረቀቱ ላይ እጄን እንዳላሳርፍ አስጠነቀቀኝ፤ አልደረቀም።

የኩርሙክ መንገድ ወጣ። ወንዙ ወጣ። በልሙጉ ከታች ናት።

5፡25

የመጀመሪያዎቹ ጎጆዎች ወጡ። ከነጥላቸው። ማሽኑ አንድ ጣት ወረደ። ሜዳው ጀመረ። ነጩ ነጥብ ቀጣዩ መስመር ላይ ነው። የት እንዳለ በልቤ አውቀዋለሁ።

ፍላሹን ነቀልኩት።

ማሽኑ አጓርቶ ቆመ። አታሚው መብራት የሄደ መስሎት አምፖሉን አየ። አምፖሉ ይበራል። ከዚያ እኔን አየ።

ደግነት መጥቶብኝ አይደለም። ፋይሉ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አለ፤ ከስብሰባው በፊት ሌላ ሰው ተልኮ ያሳትመዋል። ስምንት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ያየዋል። አቶ ታ. ሳተላይት ዘመድ የለውም ይላል። ይህ ሁሉ ይሆናል። ፍላሹ ላይ ግን የየዓመቱ በጋ ምስል አለ፣ ከነቀይ ነጠብጣቡ፣ ከማኅደሩ መጀመሪያ እስከ መጋቢት። ለውጭ ሰው አይሰጥም። የሰጠ ይባረራል። ቅሬታ አቅርቦ የሚያውቅ መንደር የለም።

ፖስታውን ከነሪፖርቱ ማሽኑ ላይ አኖርኩት። ሒሳቡን ከማን እቀበላለሁ ይለኛል አታሚው። ወዴት ነው እህት፣ ካርታው እኮ ግማሽ ነው።

ከመንገዱ ማዶ የኩርሙክ መኪና ይጣራል። አንድ ሰው ይጎድለዋል። በሩ ላይ ነኝ። ለሼህ አጣይብ መጀመሪያ የምነግራቸው ስለ ዛፉ ነው፣ ፍላሹን ከመስጠቴ በፊት፣ እንዲህ ብዬ፦ ሼህ፣ የዚያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ያልኩት